ለእጣን አምራች ማኅበራችን አባላት፦ የመተማው ደን ዕቅድ

ውድ አባላት፣

የኢንቨስትመንት ዕቅዱን ለማጽደቅ ስንቀመጥ ስሌቱ ከኪሎ ሳይሆን ከዛፍ ቆጠራ ይጀምር። በየናሙና ቦታው ያለው ዛፍ ሁሉ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ዙሪያው በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካ። ከ31 ሳንቲሜትር በታች የሆነው፣ ማለትም የግንዱ ውፍረት (ዲያሜትሩ) 10 ሳንቲሜትር ያልሞላው፣ በፍጹም አይደማም፤ እጣኑ እንዲወጣ ብሎ ቅርፊቱን መፋቅ አይገባም። ከሚደሙት ውስጥ ቀጭኑ ዛፍ 6፣ ወፍራሙ ቢበዛ 9 ቦታ ቢፋቅ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ቢቆስል ምርቱ እምብዛም አይጨምርም፤ ዛፉ ግን ይዳከማል፣ ጥንዚዛ ይገባበታል፣ ዘሩም የመብቀል አቅሙ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ፍቅፋቂ ቅርፊቱን ብቻ ስስ አድርጎ ያንሳ፤ እንጨቱ ድረስ የዘለቀ ቁስል ቶሎ አይድንም። ሠራተኛው በኪሎ ብቻ ከተከፈለው ይህ ሁሉ መጣሱ አይቀርም፤ የክፍያው ውልም አብሮ ይታይ።

ደኑ በአራት ተከፍሎ በየዓመቱ አንዱ ይረፍ። ዋናው ስጋት ግን ተተኪ ችግኝ መጥፋቱ ነው፤ የበቀለውን ከብትና የበጋ እሳት ይጨርሱታል። የሚያርፈው ክፍል ከልቅ ግጦሽ ይከለል፤ የእሳት መከላከያው መስመር ሣሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ጥቅምት ላይ፣ ይጠረግ። ለዚህ በጀት ያልያዘ ዕቅድ፣ በእኛ እምነት፣ ደኑን ለሰሊጥ ከመመንጠር ብዙም አይሻልም።