ዎምባት ፍልፈል አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አውስትራሊያው ዎምባት ያወጣችሁትን ዘገባ ልጄ ጮክ ብላ ስታነብልኝ ነው የሰማሁት። እዚህ ሜልቦርን ተወልዳ ያደገች የ11 ዓመት ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የማስነብባት ከእናንተ ገጽ ነው። «የአይጥ ዘመድ የሆነው ግዙፍ ፍልፈል» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም አለችና «አባዬ፣ ይኼ እኮ ስህተት ነው» አለችኝ። በቋንቋዋ እንድትኮራ የምደክምላት ልጅ ፊት አፈርኩ።

ዎምባት ይቆፍራል፣ ፍልፈልም ይቆፍራል። የዎምባት ጥርስም እንደ አይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፤ ጸሐፊያችሁን ያሳሳተው ይኸው ይመስለኛል። ታዲያ የሌሊት ወፍ ስለምትበርና ስሟም ወፍ ስለተባለ እንቁላል ትጥላለች? ዎምባት እንደ ካንጋሮ ልጁን በከረጢት የሚያሳድግ እንስሳ ነው። ዛሬ በሕይወት ካሉት ሁሉ የቅርብ ዘመዱ ዛፍ ላይ የሚውለው ኮዋላ ነው። ጉማሬ ያክል የነበረውና በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት የጠፋው ዲፕሮቶዶንም የዚሁ ወገን ነው። ፍልፈልማ ከዎምባት ይልቅ ለላምና ለእኛ ለሰዎች ይቀርባል!

ከሁሉ ያናደደኝ ዎምባት ስለሚጥለው ባለማዕዘን በጠጥ ሦስት አንቀጽ ስትጽፉ ስለ ከረጢቱ አንድ ቃል አለማንሳታችሁ ነው። ዊልሰንስ ፕሮሞንተሪ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ድንኳን ተክለን ያደርን ጊዜ፣ አመሻሽ ላይ አንዲት ዎምባት ከእኛ አምስት እርምጃ ያህል ርቃ ሣር ትግጥ ነበር። የምታኝክበት ድምፅ ይሰማናል። ድንገት ከኋላ እግሮቿ መካከል የግልገሏ ጭንቅላት ብቅ አለና እሱም ሣሩን መቀማመስ ጀመረ። የከረጢቷ አፍ የሚከፈተው ወደ ኋላ ነው፤ ስትቆፍር የምትበትነው አፈር ልጇ ላይ እንዳይሞላ። ከፍልፈል ወገን እንዲህ ዓይነት ከረጢት ያለው የትኛው ነው?

በዚህ አገር የምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን እናነባችኋለን። ከማተማችሁ በፊት አንዳችንን መጠየቅ ይህን ያህል ይከብድ ነበር? እኔ ሳልጠየቅ ሁለት ጊዜ እርማት ላክሁ፤ «ደርሶናል» የሚል መልስ እንኳ አላገኘሁም። ዘገባውም ከነስህተቱ እንደተለጠፈ ነው።

ልጄ የፊታችን ቅዳሜ ያንኑ ገጽ ትከፍታለች። እስከዚያ አርሙት።

አንድ አባት፣ ከሜልቦርን