የቅዳሜው ካታን፦ ለኮዬ ፈጬ አባላት

ሰላም ቤተሰብ፣

ቅዳሜ ከሰዓት በ8፡00 ካታን (በዳይስና በካርድ መንገድ፣ ሰፈርና ከተማ የሚሠራበት የጠረጴዛ ጨዋታ) ለመጫወት በብሎካችን ኮሚናል እንገናኝ። ሳጥኑ ለ3 ወይም ለ4 ሰው ነው የሚበቃው፤ ትርፍ ሰው ከመጣ ከአንዱ ተጫዋች ጋር ይጣመር።

ሳጥኑን የያዛችሁ፣ ከመምጣታችሁ በፊት ቁጠሩ፦ 19 የመሬት ቁራጭ፣ 18 ቁጥር፣ 95 የሀብት ካርድ (ከየዓይነቱ 19)። ለአንድ ሰው 15 መንገድ፣ 5 ሰፈር፣ 4 ከተማ።

ሁሌ የሚያጨቃጭቀን አጀማመሩ ነው። ቁጥሮቹ በመሬቶቹ ላይ በዕጣ ሲደረደሩ ቀያዮቹ 6 እና 8 ጎን ለጎን አይቀመጡ፤ ከሁለቱ ዳይሶች 36 ውጤቶች እያንዳንዳቸው 5 ጊዜ ይወጣሉ፣ 2 እና 12 ግን እያንዳንዳቸው 1 ጊዜ ብቻ። ሰፈር የሚተከለው ከመጀመሪያው ሰው እስከ መጨረሻው ነው፤ ያ የመጨረሻው ሁለተኛውንም እዚያው ተክሎ ተራው ወደ ኋላ ይመለሳል። መነሻ ካርድ የሚሰጠው በሁለተኛው ሰፈር ዙሪያ ብቻ ነው፣ በሁለቱም አይደለም! ወደብ (ካርድ በተሻለ ዋጋ የሚለወጥበት ቦታ) አምሯችሁ እንጨትና ጡብ ካጣችሁ መንገድ አትሠሩም። ጡብ ደግሞ 3 መሬት ብቻ ነው ያለው።

7 ሲወጣ 8 እና ከዚያ በላይ ካርድ የያዘ ሁሉ ግማሹን ይመልሳል፤ 9 የያዘ 4። ሽፍታው (የቆመበት መሬት ካርድ እንዳይሰጥ የሚያግደው ቁራጭ) የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ለእናቶች የካርድ ልውውጡን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ገበያ ያስተማራቸው ይበልጠናል።

ቡናውና ፈንዲሻው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ቅባት የነካው ካርድ ከጀርባው ይለያል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ቻርጅ የተደረገ አምፖል አምጡ፤ በስልክ ባትሪ የጫካውና የግጦሹ አረንጓዴ ይምታታል።