እማዬ፣ የአቡሽ ቶንሲል ወጣ

ውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስልክ እንደ ድሮው ስለማይሰማሽ፣ ነገሩም ተጮሆ የሚነገር ስላልሆነ መጻፍ ይሻላል አልኩ። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

አቡሽ ባለፈው ማክሰኞ ኦፕራሲዮን ሆኗል። አትደንግጪ፤ ይኸው አጠገቤ ቁጭ ብሎ እርጎ እየበላ ነው። አስቀድሜ ያልነገርኩሽ ስትጨነቂ እንዳታድሪ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ።

ለጥምቀት የመጣሽ ጊዜ «ይሄ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ያንኮራፋል» ብለሽ አብረን ስቀን ነበር። አንድ ሌሊት ግን ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ሲል ነቃሁ። የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁት። አፉን ከፍቷል። ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ሆዱ ይነሳል፣ አየር ግን አይገባም። ቆጠርኩ። 11 ላይ ስደርስ ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው ትንፋሹን ስቦ፣ ተገላብጦ ተኛ። እኔ ቁጭ ብዬ አነጋሁ።

ቀን ቀን መነጫነጩ፣ ትምህርት ቤት ማንቀላፋቱ፣ በ5 ዓመቱ ተመልሶ አልጋ ላይ መሽናቱ ከዚሁ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ማን ያውቃል? እኔ ተቆጥቼዋለሁ። እሱ እስካሁን ያንገበግበኛል። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክም ጉንፋን ነው እያለ አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ መለሰን።

በኋላ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ቶንሲሎቹ ከግራና ከቀኝ አብጠው ሊነካኩ ትንሽ ነው የቀራቸው። ከአፍንጫው ጀርባ ያለው ሥጋ፣ አዴኖይድ የሚሉት፣ አፍ ተከፍቶ ስለማይታይ በራጅ ታየ። መተንፈሻውን ዘግቶታል። ይሄ ሥጋ በልጅነት ይተልቅና ልጁ እያደገ ሲሄድ በራሱ ይሟሽሻል። ስለዚህ ለሁሉም ልጅ አይወጣም። ጉሮሮው ቶሎ ቶሎ ለሚታመም ልጅ እንኳ በዓመት 7 ጊዜ ያህል ካልታመመ ብዙ ጊዜ ይጠበቃል። አቡሽ ግን ትንፋሹ እየቆመ ነው፤ ምን ይጠበቃል?

እማዬ፣ እዚያው አንድ ነገር ሆነ። አቡሽ አፌን አልከፍትም ብሎ ሲያስቸግር ሐኪሟ «እናትህ እንዴት እንደምትከፍት እይ» ብላ የእኔን አስከፈተችኝ። አይታ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እንጥልሽን ተቆርጠሻል» አለችኝ።

አንቺ የነገርሽኝ ትዝ አለኝ። ደሙ አልቆም ብሎ አባዬ በሌሊት ተሸክሞኝ የሮጠው። አልወቅስሽም። እንጥሏ ወርዷል፣ ካልተቆረጠ ተበጥሶ ያንቃታል ሲሉሽ እኔን ለማትረፍ ነው ያደረግሽው። አሁን ግን የእህቴ ልጅ ስላሳላት «እናስቆርጥላት» ማለትሽን ሰማሁ። እግርሽ ሥር ወድቄ ልለምንሽ፣ ይሄ ነገር ይቅር። እንጥል መሃል ላይ የተንጠለጠለችው ናት፤ ከአቡሽ የወጣው ሌላ ነው። ሳሏ እንጥል በመቁረጥ አይድንም። በምላጭ ተቆርጣ ደም ቢፈሳት፣ መንጋጋ ቆልፍ ቢይዛትስ? የእኔ ደም ቆሞልኛል፤ ያልቆመላቸው ልጆች አሉ። ሳሉ ከበረታ፣ ትንፋሿ ከፈጠነ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። እህቴ፣ አንቺም እያነበብሽ ስሚ።

ኦፕራሲዮኑ ራሱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምግብ አልቀመሰም፤ በማደንዘዣ አስተኝተው በአፉ በኩል አወጡት፤ ውጭው ላይ ጭረት የለም። ሲነቃ ግን አለቃቀሱ አንጀት ይበላል። ጆሮዬን ይላል፤ ሕመሙ ከጉሮሮ ወደ ጆሮ ይሄዳል አሉ። በሦስተኛው ቀን ጉሮሮው ነጭ ነገር ለብሶ አየሁና መግል መስሎኝ ደወልኩ። ቁስሉ ሲሽር እንደዚያ ነው አሉኝ። የምፈራው ደምን ነው። ቅርፊቱ የሚለቀው ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ስለሆነ፣ ትንሽም ደም ብታዪ ወዲያው ይዘሽው ነይ ብለውኛል። ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው፤ በየሰዓቱ አፉን አያለሁ። የላክሽለት ነጭ ሽንኩርት በማር ይቆየው፤ አሁን ያቃጥለዋል።

ቤት በመጣን በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ምንም ድምፅ የለም። ተነስቼ እጄን አፍንጫው ሥር አደረግኩ። አፉን ገጥሟል። ትንፋሹ ሞቅ ብሎ ጣቴን ነካኝ። እንደዚያው ጣቴን ሳላነሳ ብዙ ቆየሁ።

ለፋሲካ እንመጣለን። ቆሎ ለሁለት ሳምንት ተከልክሎ አያቴ ጋ ስሄድ እያለ ነው፤ ቆልተሽ ጠብቂው።

ልጅሽ