የካሳ ክፍያን መሸጥና የዳኛው ፈቃድ

ለአዘጋጁ፤

በአሜሪካ በየወሩ የሚከፈል የጉዳት ካሳን አስቀድሞ ስለመሸጥ (የወደፊቱን ክፍያ ለድርጅት አስተላልፎ ዛሬ በአንድ ጊዜ ያነሰ ገንዘብ ስለመቀበል) ያወጣችሁት ጽሑፍ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ እንደ ተራ ሥርዓት ቆጥሮ ማለፉ ተገቢ አልመሰለኝም። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ፣ ሽያጩ ለባለመብቱ የሚበጅ መሆኑን የጥገኞቹንም ኑሮ አመዛዝኖ ዳኛ ካላጸደቀው፣ ገዢው ድርጅት በሚያገኘው ቅናሽ፣ ማለትም ወደፊት በሚቀበለው ድምርና ለሻጩ በሚከፍለው መካከል ባለው ልዩነት ላይ፣ 40 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ይጥላል። ያለ ፈቃድ መግዛት የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ዳኛው ሻጩን ከጉዳት ሊጠብቀው የሚችለው የሚፈርመውን የሚያውቅ ሰው ሲቀርብለት ነው። በባልቲሞር በልጅነታቸው እርሳስ (ሊድ) የተባለው መርዛማ ብረት ባለበት የቤት ቀለም የተመረዙ ወጣቶች ካሳቸውን በርካሽ መሸጣቸው በ2015 በጋዜጣ ከተጋለጠ በኋላ፣ ሜሪላንድ ሕጓን አጥብቃ ገዢዎቹ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ እንዲመዘገቡ አስገድዳለች። እዚሁ ሜሪላንድ ለአንድ ጎረቤቴ ያነበብኩለት ቅጽ ሦስት ቁጥሮች ነበሩት፦ ወደፊት የሚከፈለው ድምር፣ የድምሩ የዛሬ ዋጋ (ያ ድምር ዛሬ በአንድ ጊዜ ቢከፈል የሚያወጣው)፣ በእጁ የሚገባው ገንዘብ። እርሱ ያየው ሦስተኛውን ብቻ ነበር (የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው ሌላውን አያይም)፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት የገዢው ትርፍ መሆኑን የነገረው አልነበረም።

በአጎራባቿ ዋሽንግተን ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ዋና ዋና የመንግሥት ሰነዶች ወደ አማርኛ እንዲተረጎሙ መንገድ ከፍቷል። የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤትም የማሳወቂያ ቅጹን በአማርኛ ያዘጋጅ፤ ዳኞችም ሻጩ ሦስቱን ቁጥሮች በራሱ አንደበት በአስተርጓሚ እንዲያስረዳ ሳይጠይቁ አያጽድቁ።

አንድ አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ