ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጋራዥ ዋጋ መናር አንባቢዎቻችሁ በየጊዜው የሚያቀርቡትን ቅሬታ እከታተላለሁ። የመለዋወጫ ዋጋ መወደዱ እውነት ነው፤ በሙያው ውስጥ እንዳለ ሰው ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) አስቸገረኝ ብሎ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ ምርመራ ሳይደረግ፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) አውርዶ ዲስኩን፣ ዲስኩን የሚጫነውን ሰሃንና ፔዳሉ ሲረገጥ ሰሃኑን የሚገፋውን ኩሽኔታ ባንድነት መቀየር የተለመደ መልስ መሆኑ ነው።

ፍሪሲዮን የሚበላሸው በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ነው፤ ወይ ያንሸራትታል፣ ወይ አልለቅ ይላል። አልለቅ ያለው ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦም ዲስኩን ከሞተሩ ስለማያላቅቅ ማርሽ ማስገባት ያስቸግራል፤ የኋላ ማርሽማ እየተፋጨ ነው የሚገባው። በዘይት ግፊት በሚሠሩ መኪኖች ላይ በቅድሚያ መታየት ያለባቸው ዘይቱና ሁለቱ ፓምፖች (ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው የላይኛውና ካምቢዮው ዘንድ ያለው የታችኛው) ናቸው። ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡት ማርሹ የሚገባ ከሆነ፣ በመስመሩ ውስጥ አየር አለ ወይም የፓምፑ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ) ግፊት ያሳልፋል ማለት ነው። የታችኛው ፓምፕ ከካምቢዮው ጎን በውጭ የታሰረ ሲሆን ደግሞ የአቧራ መከላከያ ላስቲኩን በጣት ገለጥ አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ውስጡ በዘይት ርሶ ከተገኘ ካምቢዮውን የሚያስወርድ ምክንያት ገና የለም። ጎሚኒ ወይም ፓምፕ ቀይሮ አየር ማውጣት ካምቢዮ ከማውረድ ጋር በጊዜም በገንዘብም የሚወዳደር ሥራ አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የፍሪሲዮኑ ዘይት (የፍሬን ዘይት ነው) ጎደለ ብለው የሞተር ዘይት የሚጨምሩ ሰዎች መኖራቸውን ሳልጠቅስ አላልፍም። ለዶት 3 ወይም ለዶት 4 የፍሬን ዘይት የተሠራ ጎሚኒ የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል። በአንዳንድ መኪኖች የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ ዘይት ከአንድ ጠርሙስ ስለሚመጣ፣ በፍሪሲዮን የተጀመረው ጥፋት ፍሬን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

የሚያንሸራትት ፍሪሲዮን ምልክቱ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ አለመጨመሩ ነው፤ ጭነት ይዞ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣ ሹፌር ይህንን ከነሽታው ያውቀዋል። ለማረጋገጥ፣ ከፊት ለፊት ማንም በሌለበት ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑን በደንብ ስቦ፣ ማርሹን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ አስገብቶ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል፤ ሞተሩ መሥራቱን ከቀጠለ ዲስኩ እየተንሸራተተ ነው። ሙከራው ዲስኩን ስለሚያግል አንዴ ይበቃል። እንዲህም ሆኖ ሸራው (በዲስኩ ላይ ያለው የሚያልቀው ልባስ) አልቋል ከማለት በፊት የፔዳሉ ነፃ ጨዋታ (ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በነፃ የሚሄደው ርቀት) ይለካ፤ እንደ መኪናው ቢለያይም በብዙዎቹ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጨዋታው ጨርሶ ከጠፋ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ሰሃኑን እየተጫነው ስለሆነ፣ ገና ያላለቀ ሸራም ያንሸራትታል። በተለይ በገመድ የሚሠራ ከሆነ ይህ በቁልፍ ተስተካክሎ የሚያልቅ ነገር ነው።

ድምፅም ራሱን የቻለ ምስክር ነው። ማርሹ ነፃ ሆኖ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ጩኸት ወደ ፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ያመለክታል፤ ሲረገጥ የሚጠፋው ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነውና ፍሪሲዮን መቀየር አያድነውም።

በእርግጥ ሸራው ያለቀበት መኪና ካምቢዮው መውረዱ ግድ ነው፤ ያኔ ሦስቱን ዕቃዎች አብሮ መቀየሩንም እደግፋለሁ፤ ኩሽኔታ ለማትረፍ ብሎ ያንኑ የጉልበት ዋጋ ሁለተኛ መክፈል ብልህነት አይደለምና። ዳሩ ግን ሸራው በሞተር ዘይት ርሶ ከተገኘ፣ ዘይቱን ያሳለፈው የሞተሩ የኋላ ሲል (የዘይት ማገጃ ላስቲክ) ሳይቀየር አዲስ ዲስክ መግጠም ዕቃውን መጣል ነው። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ትቢያውን በአየር መንፋት ለመካኒኩ ሳንባ አደገኛ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ሹፌሮችም ድርሻ አላቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ፣ በተለይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበት ያንሰዋል፤ ዳገት ላይ በፍሬን ከመቆም ይልቅ በግማሽ ፍሪሲዮን ተንጠልጥሎ ተራ የሚጠብቅ ሚኒባስ ሸራውን እዚያው እየቆመ ይጨርሰዋል።

ባለንብረቶች ከጋራዥ እንዲጠይቁ የማሳስበው ሁለት ነገር ነው፦ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት የተደረገው ምርመራና ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው፣ ከተቀየረም በኋላ አሮጌው ዲስክ፣ ሰሃንና ኩሽኔታ በእጃቸው እንዲገባ። ዲስኩ ላይ ሸራውን የያዙት የሪቬቶች ራስ ከሸራው ገጽ በታች ጠልቆ የሚታይ ከሆነና (ሸራው ገና አላለቀም ማለት ነው) ሸራው ደረቅ ከሆነ፣ ለምን እንደተቀየረ መጠየቅ መብታቸው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መካኒክ፣ ከአዲስ አበባ