ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስትሩ፦ የክፍል ምልከታ ቅጹ ከወንበሩ አቀማመጥ ይልቅ የተማሪውን ሐሳብ ይመልከት

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ረጅም ዘመን ሒሳብ ያስተማርኩና አሁንም ክፍል ውስጥ ያለሁ መምህር ነኝ። ተማሪ ዕውቀትን እንደ ዕቃ ከመምህሩ እጅ አይረከብም፣ ቀድሞ በሚያውቀው ላይ ራሱ ይገነባዋል የሚለው አስተምህሮ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ኮንስትራክቲቪዝም፣ በሥርዓተ ትምህርት ሰነዶች መግቢያና በመምህራን ሥልጠና ሞጁሎች ላይ ሳይጠቀስ የሚቀርበት ጊዜ የለም። እኔም አምኜበት የተቀበልኩት ነው። ስለዚህ አቤቱታዬ በአስተምህሮው ላይ አይደለም። አቤቱታዬ አስተምህሮው ወደ ክፍል ሲወርድ በያዘው መልክ ላይ ሲሆን፣ ይህንን መልክ ከሰጡት ነገሮች ዋነኛው ተቆጣጣሪዎች ይዘውት የሚመጡት የክፍል ምልከታ ቅጽ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። ክፍሌ በተለያዩ ዓመታት፣ እንደ አጋጣሚ በአንድ ርዕስ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ተጎብኝቷል። ርዕሱ አስርዮሽ ቁጥሮችን ማወዳደር ነበር። በመጀመሪያው ጉብኝት ቀን ተማሪዎቼን አምስት አምስት አድርጌ በቡድን አስቀመጥኳቸው፤ ትልልቅ ወረቀትና ባለቀለም እስክሪብቶ አደልኳቸው፤ የማወዳደሪያውን ሕግ ከመጽሐፉ ገልብጠው ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉና በተወካያቸው በኩል እንዲያነቡ አደረግሁ። ክፍሉ ሞቅ ደመቅ አለ። ተቆጣጣሪው ከላይ እስከ ታች ባሉት ሳጥኖች ሁሉ ላይ ምልክት አድርጎ፣ እጄን ጨብጦኝ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ ክፍለ ጊዜ የተማረ ተማሪ አልነበረም። በየቡድኑ ጎበዙ ጻፈ፣ ሌላው ቀለም መረጠ፣ የቀሩት አዩ።

በሁለተኛው ጉብኝት ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር፤ 0.35 እና 0.8። የትኛው ይበልጣል ብዬ ጠየቅሁና ዝም አልኩ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ለ0.35 እጃቸውን አነሡ። አንዲት ተማሪ ምክንያቷን ብጠይቃት፣ ይህ ደግሞ ምን ያጠያይቃል በሚል ፊት፣ «35 ከ8 ስለሚበልጥ ነዋ» አለችኝ። ይህ መልስ ስህተት ይሁን እንጂ የግድየለሽ መልስ አይደለም። ልጅቷ መቁጠር ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ ሲሠራላት የኖረውን ሕግ ይዛ ወደ አዲሱ ቦታ መጣች፤ ሕጉ እዚህ ላይ እንደማይሠራ የነገራት ደግሞ የለም። «0.8ን 0.80 አድርጊውና አወዳድሪ» ብላት ኖሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ትክክለኛውን መልስ ታገኝ ነበር። እኔም ለብዙ ዓመታት የማደርገው ይህንኑ ነበር። ዜሮ መጨመር ግን ስህተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይነቅለውም። 80 ከ35 ስለሚበልጥ መልሱ ይገጥማል፤ ነጥቡ በልጅቷ ዓይን ያው ጌጥ እንደሆነ ይቀራል።

ስለዚህ ከ0 እስከ 1 የሚደርስ መስመር በየደብተራቸው እንዲያሰምሩ፣ በአሥር እኩል እንዲከፍሉት፣ እያንዳንዱን ክፍል ደግሞ እንደገና በአሥር እንዲከፍሉ ነገርኳቸውና ሁለቱን ቁጥሮች በየቦታቸው አስቀምጡ አልኩ። ልጅቷ 0.8ን ሳትቸገር አስቀመጠች። 0.35 ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። እርሳሷን በሦስተኛውና በአራተኛው ምልክት መካከል አሳርፋ ጥቂት ቆየችና፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «35ቱ እኮ ትንንሾቹ ናቸው፤ 8ቱ ትልልቆቹ ናቸው» አለች። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ከነጥብ በኋላ አኃዙ የበዛ ቁጥር ሁልጊዜ ያንሳል ማለት ነው» ሲል ተነሣ፤ 0.35 ከ0.3 ያንሳል ብሎም ተከራከረ። ይህም አዲስ ስህተት ነው፤ ነገር ግን አስቦ የደረሰበት ስህተት ስለሆነ፣ በዚያው መስመር ላይ ራሱ እስኪያፈርሰው ድረስ የቀረውን ጊዜ ሰጠነው። ደወሉ የተደወለው ከዕለቱ ዕቅድ ገና ግማሹን ሳልጨርስ ነበር።

ከተቆጣጣሪው የደረሰኝ አስተያየት ይህ ነው፦ የቡድን ሥራ አልታየም፤ የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ አልቀረበም፤ የዕለቱ ይዘት አልተሸፈነም። ተቆጣጣሪውን አልወቅሰውም። የተሰጠውን ቅጽ በታማኝነት ሞላ።

ክቡር ሚኒስትር፣ ቅጹ የሚስተው ነገር የአስተምህሮው እምብርት ነው። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠኑት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ዣን ፒያዤና ሌቭ ቪጎትስኪ ሁለቱም የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን፣ በብዙ ነገር ቢለያዩም ሁለቱንም ያሳሰባቸው በልጁ ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነው ነገር ነበር። ፒያዤ ልጆች ሲሳሳቱ ስህተቱን ቆጥሮ አላለፈም፤ ለምን እንዲህ አልክ ብሎ ጠየቀ። ውኃ ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ሲገለበጥ በዛ የሚል ሕፃን የራሱ አመክንዮ እንዳለው ያሳየን በዚህ መንገድ ነው። በ37 ዓመቱ የተቀጨው ቪጎትስኪ ደግሞ ልጅ ብቻውን በሚችለውና በሌላ ሰው ርዳታ በሚችለው መካከል ያለውን ስፍራ የቅርብ ዕድገት ቀጠና ብሎ ሰየመው፤ ትምህርት የሚሠራውም በዚያ ስፍራ ላይ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዴቪድ ውድ፣ ጄሮም ብሩነርና ጌይል ሮስ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት በእንጨት ቁርጥራጮች ፒራሚድ ሲሠሩ አንዲት አስተማሪ እንዴት እንደምትረዳቸው አጥንተው፣ የርዳታውን ዓይነት ከሕንፃ ርብራብ ጋር አመሳሰሉት። ርብራቡ የሚቆመው ግንቡ በደረሰበት ልክ ነው፤ ግንቡ ሲጸና ደግሞ ይነሣል። ሦስቱም ሐሳቦች ስለ ወንበር አቀማመጥ የሚሉት ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ መምታታት አለ፤ ለደረሰው ጥፋት ትልቁን ድርሻ የምሰጠውም ለእርሱ ነው። ኮንስትራክቲቪዝም ሰው እንዴት እንደሚማር የሚናገር ሐሳብ ነው፤ መምህር ይናገር ወይስ ዝም ይበል የሚል ትእዛዝ አይደለም። በጥሞና የተዘጋጀ የሃያ ደቂቃ ገለጻ የሚያዳምጥ ተማሪም፣ የሰማውን ከሚያውቀው ጋር እያጋጨና እያስማማ ከሆነ፣ ዕውቀት እየገነባ ነው። በአንጻሩ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲቀባና ሲለጥፍ የዋለ ተማሪ ምንም ላይገነባ ይችላል። ጆን ዲዊ እንኳ፣ የአዲሱ ትምህርት አባት ተብሎ የሚጠራው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ ልምድ ሁሉ እኩል አስተማሪ አይደለም ብሎ የራሱን ወገኖች ገሥጿል።

አስተምህሮውን የሚተቹ ሰዎች ያላቸውን ማስረጃም መሥሪያ ቤትዎ ችላ ሊለው አይገባም። ሪቻርድ ማየር እ.ኤ.አ. በ2004፣ ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጧቸው ጽሑፎች፣ ጀማሪ ተማሪ ያለ በቂ ምሪት ራስህ ፈልገህ አግኝ ሲባል ብዙ እንደማይማር ተከራክረዋል። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ ሊያሰላስለው የሚችለው አዲስ ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። ይህንን ትችት የአስተምህሮው ጠላት አድርገው የሚያዩ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በመስመሩ ላይ ያቺን ልጅ ብቻዋን ትቻት ቢሆን ኖሮ የትም አትደርስም ነበር። መስመሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ 0.35ን ከ0.8 ጋር ያጋጠምኩት ስህተቱ የት እንዳለ አስቀድሜ ስለማውቅ ነው። እንዲህ ያለው አስተማመር ከተራ ገለጻ ይልቅ የመምህሩን ዕውቀት አብዝቶ ይጠይቃል።

ነባሩ ግንዛቤ ካልተነካ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣ አንድ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ቀን ለ23 ተመራቂዎች፣ የቀድሞ ተማሪዎችና መምህራን ስለ ወቅቶች መፈራረቅና ስለ ጨረቃ መልክ መለዋወጥ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር፤ 21ዱ ተሳሳቱ። ስለ ወቅቶች ከተለመዱት የተሳሳቱ መልሶች አንዱ ምድር ወደ ፀሐይ ስትጠጋ ይሞቃል የሚለው ነው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ግን በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያኔ በሰሜኑ የምድር ክፍል ብርዱ የጠነከረበት ወቅት ነው። ወቅቶችን በእርግጥ የሚያፈራርቀውን የምድርን ዘንግ ማዘንበል እነዚያ ሰዎች በትምህርት ቤት እንደተማሩት መገመት አያዳግትም። እሳት ሲቀርቡት ይሞቃል የሚለውን የልጅነት ዕውቀታቸውን ግን ጠይቆ የፈተነው ስላልነበረ፣ አዲሱ ትምህርት ከጎኑ ተቀመጠ እንጂ አልተካውም። የሥነ ልቦና ሊቁ ዴቪድ ኦሱቤልም እ.ኤ.አ. በ1968 ያስገነዘበው ይህንኑ ነው፤ በትምህርት ላይ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ፣ እርሱን አውቀህ አስተምር ነው ያለው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ከምልከታ ቅጹ ላይ «ተማሪዎች በቡድን ተቀምጠዋል» የሚለው ይውጣና በእርሱ ፈንታ መምህሩ ተማሪዎቹ በርዕሱ ላይ አስቀድመው ያላቸውን ሐሳብ በምን አወቀ፣ ካወቀስ በኋላ በትምህርቱ ላይ ምን ለወጠ የሚል ጥያቄ ይግባ። ተቆጣጣሪው ሳጥን ላይ ምልክት ከማድረግ ይልቅ ከተማሪዎች የሰማቸውን ሁለት ሦስት መልሶች ቃል በቃል ይጻፍ። መምህሩ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሰኮንድ እንደሚጠብቅም ይለካ፤ ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ ባደረገቻቸው ጥናቶች መምህራን በአማካይ ከአንድ ሰኮንድ ብዙም ሳይዘልቁ ወደ ሌላ ተማሪ እንደሚያልፉ፣ ወደ ሦስት ሰኮንድና ከዚያ በላይ ሲያደርሱት ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ምክንያት እንደሚጨመርበት አሳይታለች። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ለውጥ ነው።

ቅጹ ብቻውን ግን አይበቃም። የመጽሐፉ ምዕራፎች አሁን ባሉበት ብዛት ከቀጠሉ ለአንድ ተማሪ ስህተት ግማሽ ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ መምህር ሁልጊዜ ባለዕዳ ሆኖ ይኖራል፤ ጥቂት ርዕሶች ቢቀነሱ የሚጎዳ የለም። በፈተናም በኩል፣ የምርጫ ጥያቄ አማራጮች እንዲሁ ለመሙላት ያህል ከሚጻፉ ይልቅ እያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ አንድ የታወቀ የተሳሳተ ግንዛቤ እንዲወክል ተደርጎ ቢዘጋጅና ስንት ተማሪ የትኛውን እንደመረጠ ለትምህርት ቤቱ ቢላክ፣ መምህሩ ከውጤት ዝርዝር የማያገኘውን ነገር ያገኛል። የመምህራን ሥልጠናን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፤ ስለ አሳታፊ ትምህርት ለሦስት ቀን ስላይድ እየተነበበልን መሠልጠናችን ይቁም።

ቅጹን እንደገና የሚያዘጋጅ ቡድን የሚቋቋም ከሆነ በየደረጃው የሚያስተምሩ መምህራን በአባልነት እንዲገቡበት፣ ረቂቁም ከመጽደቁ በፊት በጥቂት ክፍሎች ውስጥ እንዲሞከር እጠይቃለሁ። የኔ ክፍል ለሙከራው ክፍት ነው። ተቆጣጣሪው ሳያስጠነቅቅ ቢመጣም ቅር አይለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር