ስለ ዮጋ በወጣው ጽሑፍ ኢንድራ ዴቪ ተዘንግተዋል

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ዮጋ መምህራንና ስለሚያዘጋጇቸው የዕረፍት ጉዞዎች የወጣው ጽሑፍ፣ ሙያው በአሜሪካ የተጀመረው በ1960ዎቹ እንደሆነ አድርጎ በማቅረቡ የዮጋ መምህርቷን ኢንድራ ዴቪን ከታሪኩ አስወጥቷቸዋል (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በ1899 በሪጋ የተወለዱት እኒህ ሴት በሕንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት ዮጋ ያስተምሩ የነበሩትን ክሪሽናማቻርያን እንዲያስተምሯቸው ሲለምኑ፣ ሴትም የውጭ አገር ሰውም በመሆናቸው በመጀመሪያ የገጠማቸው እምቢታ ነበር። የማይሶር ገዥ የነበሩት ማሃራጃ አማላጅ ገብተው ሲፈቀድላቸውም መምህሩ በአመጋገባቸው ላይ ሳይቀር ጥብቅ ሥርዓት ጣሉባቸው፤ እርሳቸው ግን ሁሉንም ችለው ተማሩና በመጨረሻ እኒያው መምህር ለሌሎች እንዲያስተምሩ አዘዟቸው። በሻንጋይ፣ ቀጥሎም በ1940ዎቹ መጨረሻ በሆሊዉድ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የፊልም ተዋናይቷ ግሎሪያ ስዋንሰንም ከተማሪዎቻቸው አንዷ ነበሩ።

በእኔ አስተያየት ግን ከዝነኞቹ ተማሪዎች ይልቅ ጸሐፊነታቸው ይበልጣል። በ1959 ያሳተሙት መጽሐፍ ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችል የ6 ሳምንት ትምህርት የያዘ በመሆኑ፣ ለሩቅ ጉዞ የሚከፍለው ገንዘብ የሌለውን አንባቢ ጭምር ያገለገለ ሲሆን፣ ጽሑፋችሁ በሰፊው የዘረዘራቸው ውድ የመዝናኛ ሥፍራዎች ይህን አያደርጉም። በኋላም በሜክሲኮ ተካቴ አካባቢ መምህራንን አሠልጥነዋል፤ ያረፉት በ102 ዓመታቸው በቦነስ አይረስ ነው።

በሚቀጥለው እትም ስማቸው በማረሚያ ዓምዳችሁ እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ